አልበሙን ሻጋታ ሳይበላው፦ የቡና ምድር የቤተሰብና የእርሻ ፎቶግራፎች አጠባበቅ

እንግዳ ሲመጣ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ የቤተሰብ አልበም አውጥቶ ማሳየት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንግዳው ገጹን ሲገልጥ የቤቱ ባለቤት ከጎኑ ሆኖ «ይህቺ አክስቴ ናት፤ ይህ የእኅቴ ሠርግ ነው፤ ይህ ደግሞ አባቴ እርሻ ላይ ሳለ የተነሣው ነው» እያለ ያስረዳል። በዚህ ቀላል በሚመስል ወግ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በወረቀት ላይ ያረፈው ምስል ሲሆን፣ ሁለተኛው ምስሉን የሚያስረዳው ቃል ነው። ምስሉ በኬሚስትሪ ሕግ ይጠፋል፤ ቃሉ ደግሞ ከተናጋሪው ጋር አብሮ ይቀበራል። በዚህ ጽሑፍ ከሚዛን ተፈሪ (በአሁኑ አጠራር ሚዛን አማን)፣ ከቴፒና በዙሪያቸው ካለው የቡና ምድር ጋር የተያያዙ አሮጌ ፎቶግራፎች የት እንደሚገኙ፣ ለሳይንስ ምን እንደሚጠቅሙ፣ ለምን እንደሚበላሹና እንዴት ሊጠበቁ እንደሚችሉ በአጭሩ እንመለከታለን።

አልበሞቹ የት ይገኛሉ?

ስለ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ በርካታ ቀደምት ሰነዶችና ፎቶግራፎች የሚገኙት ከአገር ውጭ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ዩልየስ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ካፋ ተጉዞ ነበር፤ ስለ ካፋ ሕዝብ ያዘጋጀው መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ ታትሟል። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1950ዎቹ በደቡብ ኢትዮጵያ ተዘዋውረው ያነሷቸው ፎቶግራፎች በተቋሙ የሥዕል ማኅደር ተጠብቀው ይኖራሉ። በኦክስፎርድ የሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደውን የተጓዡን የዊልፍሬድ ቴሲጀርን አልበሞችና 38,000 ያህል ነጋቲቮች ይዟል። አባቱ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ስለነበሩ፣ ለቤተሰብ መታሰቢያ ተብሎ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬ የአገር ታሪክ ሰነድ ሆኗል። በአገራችንም ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) እና እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሮጌ ፎቶግራፎችን ያሰባስባሉ።

የእርሻ አልበም ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። በስሪላንካና በሕንድ የሻይ እርሻ የነበራቸው የእንግሊዝ ቤተሰቦች ያቆዩአቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማኅደሮች ይገኛሉ። በእንዲህ ያሉ አልበሞች የባለቤቱ ቤት፣ የችግኝ መደቡ፣ ማሽኑና በሰልፍ የቆሙት ሠራተኞች ይታያሉ። ከሥዕሉ ግርጌ የባለቤቱና የእንግዶቹ ስም ሲጻፍ፣ የሠራተኞቹ ስም ግን ብዙውን ጊዜ አይጻፍም።

በአገራችን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ሰፋፊ የግል እርሻዎች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጡ። በደቡብ ምዕራብ የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ለበርካታ ዓመታት በመንግሥት ሥር ቆይተው ኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛውረዋል። ሥራ ፍለጋ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ሰዎች በእነዚህ እርሻዎች ተቀጥረው፣ ትዳር መሥርተውና ልጆች አሳድገው ኖረዋል። እነዚህ ቤተሰቦች ያላቸው ፎቶግራፍ የሚገኘው በፍራንክፈርት ወይም በኦክስፎርድ ሳይሆን በቁም ሣጥናቸውና በአልጋቸው ሥር ነው።

ለሳይንስ ምን ይጠቅማል?

አሮጌ ፎቶግራፍ ለትዝታ ብቻ የሚሆን አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በትግራይ የተካሄደ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ከ140 ዓመታት ገደማ በኋላ ያን ኒሰንና የሥራ ባልደረቦቹ ጥንት ካሜራው የቆመበትን ሥፍራ ፈልገው በዚያው አቅጣጫ እንደገና ፎቶ አነሡ። ሁለቱን ሥዕሎች ሲያመሳክሩ፣ የሕዝቡ ቁጥር እጅግ ቢጨምርም ብዙዎቹ ሥፍራዎች በ1868 ከነበሩበት ይልቅ በዕፅዋት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲታተም «ዱሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለውን የተለመደ አባባል ጥያቄ ውስጥ አስገብቷል።

በቡና ምድርም ተመሳሳይ ጥያቄዎች አሉ። ከቡናው በላይ የትኞቹ የጥላ ዛፎች ነበሩ? የደኑ ጠርዝ የት ይደርስ ነበር? ቡናው የሚደርቀው በመሬት ላይ ነበር ወይስ በአልጋ ላይ? አንድ ሰው ቤተሰቡን በጓሮው አቁሞ ያስነሣው ፎቶግራፍ ከሰዎቹ ጀርባ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ሥፍራውና ዘመኑ ካልታወቀ ሥዕሉ ለማመሳከሪያ አይበቃም።

ፎቶግራፍ ከምን ይሠራል?

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በንብርብር የተሠራ ነው። ከሥር ወረቀት አለ። ከላይ ደግሞ ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ የሚገኘው ጄላቲን ይለበጥበታል። ምስሉን የሚሠሩት በጄላቲኑ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የብር ማዕድን ቅንጣቶች ናቸው። ብርሃን የብር ጨዎችን ሲነካቸው የማይታይ ምልክት ይፈጠራል፤ ፎቶው ሲታጠብ ምልክት ያረፈባቸው ጨዎች ወደ ብር ይለወጣሉ፤ ያልተለወጡትን ደግሞ ሃይፖ የተባለው ኬሚካል አሟሙቶ ያስወግዳል። ሃይፖው በውኃ በሚገባ ካልተለቀለቀ በውስጡ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ይዋሐድና ሥዕሉ ከዓመታት በኋላ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። እርጥበትና የተበከለ አየር ደግሞ ብሩን ኦክሳይድ ያደርጉታል። በአንዳንድ አሮጌ ፎቶግራፎች ጠርዝ ላይ የሚታየው መስታወት መሰል ብልጭታ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ ብር ነው።

የቀለም ፎቶግራፍ በብር ፈንታ ሦስት ማቅለሚያዎችን ይይዛል። እነዚህ እኩል አይደበዝዙም። በብዙ አሮጌ የቀለም ፎቶግራፎች በጨለማ ቢቀመጡም እንኳ ሰማያዊ አዘሉ ማቅለሚያ ቀድሞ ስለሚለቅ ሥዕሉ ቀይ ሆኖ ይቀራል።

ቡናን የሚያሻግተው ፎቶንም ያሻግታል

የአካባቢው ተማሪዎች ይህን ክፍል ከቡና መጋዘን ልምዳቸው በቀላሉ ይረዱታል። የደረቀ ቡና የውስጥ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ለሻጋታ ይጋለጣል። ቡናው በዚህ መጠን ላይ የሚረጋው በዙሪያው ያለው አንጻራዊ የአየር እርጥበት 65 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። በጄላቲን ላይም ሻጋታ የሚበረታው ከዚሁ መጠን በላይ ነው። ጄላቲን ፕሮቲን በመሆኑ ለሻጋታ ጥሩ ምግብ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ አብጦ ይለሰልስና ከአልበሙ ፕላስቲክ ወይም ከክፈፉ መስታወት ጋር ይጣበቃል።

ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የፎቶግራፍ ማኅደሮች ግን የሚመርጡት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሆነ እርጥበትና ቀዝቃዛ ክፍል ነው። የሙቀት መጠኑ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ የመበላሸቱ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር ማኅደር ያለው ፎቶግራፍ ዕድሜው የረዘመው ከእኛው የበለጠ ስለተከበረ ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበት አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነም ነው።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችን ቀዝቃዛ ማኅደር መሥራት ባንችልም የሚከተሉትን ማድረግ እንችላለን።

1. አልበሙን ከወለል፣ ከውጭ ግድግዳ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከምድጃ ጭስ ማራቅ። ደረቅ አየር በሚገባበት ወቅት በጥላ ሥር ገልጦ ማናፈስ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ሥዕሉን ያደበዝዘዋል።

2. የሻገተውን በእርጥብ ጨርቅ አለመጥረግ። በጥላ ከደረቀ በኋላ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይሻላል።

3. የተጣበቀውን በኃይል አለመላቀቅ። ገጹን እንዳለ በስካነር ወይም በካሜራ ማንሣት ይቻላል። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የተነሣ ቅጂ ለአብዛኛው ጥናት ይበቃል። ቅጂውም ከአንድ በላይ በሆነ ሥፍራ ይቀመጥ።

4. በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ሥፍራውን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የተናጋሪውን ማንነት መመዝገብ። በወረቀት ፎቶ ጀርባ በለስላሳ እርሳስ ጠርዝ ላይ ይጻፋል፤ ጀርባው ፕላስቲክ ከሆነ በተለየ ፖስታ ላይ ይጻፍ። እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ሊዘልቅ ይችላል።

5. የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅና ዋናውን ፎቶ መልሶ ማስረከብ። የቤተሰብ ምስጢር የሆነ ሥዕል ለሕዝብ አይወጣም።

ከእነዚህ ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው አራተኛው ነው። የደበዘዘ ሥዕል በኮምፒውተር ሊጎላ ይችላል፤ በሰልፍ የቆመውን ለቃሚ በስሙ የሚጠራ ሰው ካለፈ በኋላ ግን ስሙን የሚመልስ መሣሪያ የለም። በ1967 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ክበባት በዕረፍት ጊዜያቸው አንድ አንድ አልበም ቢመዘግቡ፣ ቅጂው ለወመዘክር ወይም በቦንጋ ለሚገኘው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ሊቀርብ የሚችል ስብስብ ይሆናል። ሥራው ከቤት ይጀምራል። በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ሲፈላና አልበም ሲወጣ፣ እርሳስና ደብተር ይዘን ከሚያስረዱን አባትና እናት አጠገብ እንቀመጥ።