ሁለቱ ዮሴፎች

የምሠራባት ቡፍያ፣ ትንሿ ሻይ ቤት፣ ዐዚዚያ ውስጥ ናት፤ በሪያድ ደቡብ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም ሳትርቅ። ወደ ናጅራን የሚሳፈር መንገደኛ ሻይ ሲያዘኝ ጆሮዬ ይቆማል፤ ናጅራን እኛ ናግራን የምንላት ናት። እናቴ በየዓመቱ ኅዳር 26 የናግራንን ሰማዕታት ስትዘክር ነው ያደግሁት። አንድ አይሁዳዊ ንጉሥ ክርስቲያኖቹን ፈጀ፣ ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ደማቸውን መለሰ፤ እኛ ቤት ታሪኩ ይኸው ነበር። ዐረብ ምድር ላይ አይሁዳዊ ንጉሥ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ንጉሡ የሒምያር ነው። የመንን ከዘፋር ሆኖ ይገዛ የነበረው ይህ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ380 ገደማ የአባቶቹን ጣዖታት ተወ። ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ በድንጋይ ሲያስቀርጹ የሚጠሩት አንዱን የሰማይ ጌታ፣ ረሕማናንን ሆነ። በአምስተኛው መቶ ዘመን ንጉሡ አቡ ከሪብ አስዓድ ጦሩን እስከ መካከለኛው ዐረቢያ አዝልቆ ከሪያድ በስተምዕራብ፣ መእሰል አል ጁምህ ላይ ድሉን በዐለት አስጽፏል።

ያዘነበሉት ወደ አይሁድ እምነት ነበር። ለምን? እኔ ነገሩ የገባኝ ስለ ኻዛሮች ሳነብ ነው። ኻዛሮች በካስፒያንና በጥቁር ባሕር መካከል ከሰባተኛው እስከ ዐሥረኛው መቶ ዘመን የገነኑ የቱርክ ዘር ሕዝብ ነበሩ። በአንድ ወገን ክርስቲያኑ ቢዛንታይን፣ በሌላ ወገን የሙስሊሞቹ ኸሊፋ ነበር፤ የአንዱን ሃይማኖት መያዝ ለዚያው ማደር ይመስል ነበር። ገዥዎቻቸው ከሁለቱም ሳይሆኑ የአይሁድን እምነት ተቀበሉ። በስዊድን ጎትላንድ ደሴት የተገኘ የብር ገንዘባቸው ሙሴን በዐረብኛ የአላህ መልእክተኛ ይለዋል። ንጉሣቸው ዮሴፍ ለኮርዶባው አይሁዳዊ ባለሥልጣን ለሐስዳይ ኢብን ሻፕሩት ስለ አገሩ ደብዳቤ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ የኪየቩ መስፍን ስቪያቶስላቭ መንግሥቱን ሰበረው።

ሒምያርም በቢዛንታይንና በፋርስ መካከል ተይዛ ነበር። የቢዛንታይን ወዳጅ አክሱም ዘፋር ላይ ክርስቲያን ንጉሥ አስቀምጣ ጦር አስፍራለች። እ.ኤ.አ. በ522 ገደማ የተነሣው የሒምያሩ ዮሴፍ፣ ዐረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ ያንን ጦር ፈጀ፤ ቤተ ክርስቲያኑንም አቃጠለ። የጦር አለቃው ከናጅራን በስተሰሜን፣ ሒማ ላይ በሐምሌ 523 ይህንኑ በዐለት አስቀርጾታል፦ 11,000 ምርኮኛ፣ 290,000 ግመል፣ ከብትና ፍየል። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። አንድ የናጅራን ሰው የጽሑፉን ፎቶ በስልኩ ሲያሳየኝ ደነገጥሁ። በ ሁለት እግሯን ተክላ ቆማለች፤ ወ ክቧ ለሁለት ተከፍሏል፤ ተ መስቀል ናት። የፊደላችን የቅርብ ዘመድ ነው፤ የተጻፈበት ደግሞ የሐበሾች መታረድ።

የናግራን እልቂት የመጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። በ525 ካሌብ ተሻገረ፤ ዮሴፍ ተገደለ። ከድሉ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ሲታነጹ አይሁድም ተገደሉ። ሰማዕታቱን ከልቤ አከብራለሁ፤ ለልጆቻችን ስንነግር ግን የእነዚህም ደም አብሮ ይነገር እላለሁ። ድሉም ለአክሱም አልበረከተም። ካሌብ ያስቀመጠውን ንጉሥ አብርሃ የሚባል የጦር አለቃ አውርዶ ራሱ ነገሠ፤ የተላከበትንም ጦር መለሰ። እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ደግሞ ፋርስ መጥቶ የመንን ወሰደ።