የኢየሱስ ፈተና በምድረ በዳ

የኢየሱስ ፈተና ኢየሱስ ክርስቶስ በዮርዳኖስ ወንዝ ከተጠመቀ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ በዲያብሎስ የተፈተነበት የአዲስ ኪዳን ታሪክ ነው። ታሪኩ በማቴዎስ 4፥1-11፣ በማርቆስ 1፥12-13 እና በሉቃስ 4፥1-13 ይገኛል። በዮሐንስ ወንጌል ግን አልተጻፈም። በክርስትና ትምህርት ይህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ያስረዳል፦ ክርስቶስ እንደ ሰው በእውነት መፈተኑን፣ እንዲሁም በርኩሳን መናፍስት ላይ ያለው ሥልጣን ምን ዓይነት ሥልጣን እንደሆነ። በማርቆስና በሉቃስ ወንጌል ኢየሱስ አጋንንትን ማስወጣት የሚጀምረው ከዚህ ፈተና በኋላ ነው።

ቃላቱ

"ፈተና" የሚለው የአማርኛ ቃል ለትምህርት ቤት ምዘናም፣ ለመከራም፣ ሰውን ወደ ኃጢአት ለሚስብ ነገርም ያገለግላል። በግሪኩ አዲስ ኪዳን የሚገኘው "ፔይራስሞስ" የሚለው ቃልም እንዲሁ መመዘንን እና ወደ ስሕተት መሳብን ያመለክታል። ስለዚህ አንዱ ድርጊት ከሁለት ወገን ሊታይ ይችላል። በማቴዎስ ወንጌል ኢየሱስን ወደ ምድረ በዳ የወሰደው መንፈስ ቅዱስ ሲሆን የፈተነው ግን ዲያብሎስ ነው። የያዕቆብ መልእክት (1፥13-14) እግዚአብሔር ማንንም በክፉ እንደማይፈትን፣ ሰው የሚሳበው በገዛ ምኞቱ እንደሆነ ያስተምራል።

"ሰይጣን" ከዕብራይስጥ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ባላጋራ ወይም ከሳሽ ማለት ነው። "ዲያብሎስ" ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ስም አጥፊ፣ ሐሰተኛ ከሳሽ ማለት ነው። "ጋኔን" (ሲበዛ "አጋንንት") በግዕዝና በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሰው ላይ ለሚያድሩ ርኩሳን መናፍስት ይውላል።

ታሪኩ በሦስቱ ወንጌላት

የማርቆስ ዘገባ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ኢየሱስ በሰይጣን እንደተፈተነ፣ ከአራዊት ጋር እንደነበረና መላእክት እንዳገለገሉት ይናገራል እንጂ ፈተናዎቹን አይዘረዝርም። ማቴዎስና ሉቃስ ግን በዲያብሎስና በኢየሱስ መካከል የተደረገውን ንግግር ያቀርባሉ። ሦስቱ ፈተናዎች እንደ ማቴዎስ ቅደም ተከተል የሚከተሉት ናቸው።

1. እንጀራ፦ ኢየሱስ ከጾሙ በኋላ ሲራብ፣ የእግዚአብሔር ልጅ ከሆነ ድንጋዮቹን እንጀራ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ከዘዳግም 8፥3 ጠቅሶ የሰው ሕይወት በእንጀራ ብቻ እንደማይቆም መለሰ።

2. የቤተ መቅደስ ጫፍ፦ መላእክት ስለሚጠብቁት ከላይ ራሱን እንዲወረውር ተነገረው። በዚህ ጊዜ ዲያብሎስ ራሱ ከመዝሙረ ዳዊት (መዝሙር 90፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 91) ጠቀሰ። ኢየሱስ ከዘዳግም 6፥16 ጠቅሶ እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰ።

3. የዓለም መንግሥታት፦ ዲያብሎስ ከረጅም ተራራ ላይ የዓለምን መንግሥታት አሳይቶ፣ ቢሰግድለት ሁሉን እንደሚሰጠው ተናገረ። ኢየሱስ ከዘዳግም 6፥13 ጠቅሶ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ነገረውና አባረረው።

በሉቃስ ወንጌል ሁለተኛውና ሦስተኛው ፈተና ቦታ ተለዋውጠው የቤተ መቅደሱ ፈተና መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሉቃስ ዲያብሎስ የተለየው ለጊዜው እንደነበረም ይጨምራል።

የተጠቀሱት ሦስቱም መልሶች ከኦሪት ዘዳግም፣ እስራኤላውያን በምድረ በዳ ስላሳለፉት 40 ዓመት ከሚናገረው ክፍል የተወሰዱ ናቸው። እስራኤል በረኃብ አጉረመረመ፣ እግዚአብሔርን ተፈታተነ፣ ለጥጃ ምስልም ሰገደ። ወንጌላውያኑ ኢየሱስ በዚያው ዓይነት ምድረ በዳ፣ በዚያው ዓይነት ፈተና ጸንቶ መገኘቱን ያሳያሉ። የ40 ቀን ጾሙም ሙሴ በሲና ተራራ (ዘጸአት 34፥28)፣ ኤልያስም ወደ ኮሬብ ሲጓዝ (1 ነገሥት 19፥8) ያለ ምግብ ያሳለፏቸውን 40 ቀናት ያስታውሳል።

ቦታው

ወንጌላት ምድረ በዳውን በስም አይጠሩትም። ከቆየ ልማድ የተነሣ ግን ከኢያሪኮ ከተማ በስተምዕራብ፣ በዮርዳኖስ ሸለቆ ዳር ያለው ገደላማ ተራራ የፈተናው ቦታ ተደርጎ ይታያል። በዐረብኛ "ጀበል ቁሩንጡል" የሚባል ሲሆን ስሙ ከላቲኑ "ኳራንቴና" ማለትም አርባ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል። በወረርሽኝ ጊዜ የሚሰማው "ኳራንቲን" የሚለው ቃልም የመጣው ከ40 ቀን መለያ ነው። በተራራው ዋሻዎች ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት ኖረዋል። አሁን በገደሉ ላይ ተለጥፎ የሚታየው የግሪክ ኦርቶዶክስ ገዳም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቦታው "ገዳመ ቆሮንቶስ" ይባላል። ይህ ስም ቅዱስ ጳውሎስ መልእክት ከጻፈላት የግሪክ ከተማ ከቆሮንቶስ ጋር መምታታት የለበትም።

ፈተናውና አጋንንትን ማስወጣት

በማርቆስ ወንጌል ኢየሱስ ከምድረ በዳ ተመልሶ ደቀ መዛሙርትን ከጠራ በኋላ የተጻፈው የመጀመሪያው ተአምር በቅፍርናሆም ምኩራብ ርኩስ መንፈስ ያደረበትን ሰው መፈወሱ ነው (1፥21-28)። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ታሪኮች ይከተላሉ፦ ሌጌዎን የተባሉት አጋንንት 2,000 ያህል ወደሚሆኑ እሪያዎች የገቡበት (5፥1-20)፣ የሲሮፊኒቃዊቷ ሴት ልጅ የተፈወሰችበት (7፥24-30) እና በመውደቅና በአረፋ መድፈቅ ይሠቃይ የነበረው ልጅ የዳነበት (9፥14-29)።

በዚያ ዘመን አጋንንትን እናስወጣለን የሚሉ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። የ1ኛው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ፣ አልዓዛር የሚባል ሰው በሰሎሞን ስም፣ ሥር በተደበቀበት ቀለበትና በድግምት መንፈስ ሲያስወጣ እንዳየ ጽፏል። በወንጌላት ግን ኢየሱስ ቀለበትም ሥርም ድግምትም አይጠቀምም፤ በቃሉ ያዝዛል። በቅፍርናሆም የነበሩት ሰዎች የተደነቁትም በዚህ ነበር።

ሁለቱን ጉዳዮች በግልጽ የሚያገናኘው ስለ ብዔል ዜቡል የተነሣው ክርክር ነው (ማቴዎስ 12፥22-29)። ፈሪሳውያን ኢየሱስ አጋንንትን የሚያስወጣው በአጋንንት አለቃ ነው ብለው ከሰሱት። እርሱም የኃይለኛ ሰው ቤት የሚበረበረው አስቀድሞ ኃይለኛው ሲታሰር ነው በሚል ምሳሌ መለሰ። ብዙ ተርጓሚዎች "ኃይለኛው" የታሰረው በምድረ በዳው ፈተና ነው ይላሉ። በዚህ አተረጓጎም አጋንንትን ማስወጣት የድሉ ፍሬ ነው፤ ድሉ የተገኘው ግን ኢየሱስ ኃይሉን ለራሱ ጥቅም ወይም ለታይታ ለመጠቀም እምቢ ባለበት ቦታ ነው።

ወንጌላት ኃይልን ብቻ የእምነት ማረጋገጫ አድርጎ ከመቁጠርም ያስጠነቅቃሉ። የተላኩት ደቀ መዛሙርት አጋንንት ስለተገዙላቸው ደስ ብሏቸው ሲመለሱ፣ ኢየሱስ ደስታቸው ስማቸው በሰማይ በመጻፉ እንዲሆን ነገራቸው (ሉቃስ 10፥17-20)። በስሙ አጋንንት ያስወጡ ሆነው ሳለ በፍርድ ቀን የማይታወቁ ሰዎች እንደሚኖሩም ተናግሯል (ማቴዎስ 7፥22-23)። በሐዋርያት ሥራ 19፥13-16 የአስቄዋ ልጆች የኢየሱስን ስም እንደ ድግምት ሊጠቀሙበት ሞክረው መንፈሱ ያደረበት ሰው አቁስሎ እንዳባረራቸው ተጽፏል።

የአባቶች ትርጓሜ

በ2ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሄሬኔዎስ ፈተናውን ከአዳም ውድቀት ጋር አነጻጽሯል፦ አዳም በመብል ተፈትኖ ወደቀ፣ ክርስቶስ ተርቦ ሳለ በመብል ተፈትኖ አሸነፈ። ሉቃስም ከፈተናው ታሪክ በፊት የኢየሱስን የዘር ሐረግ እስከ አዳም ድረስ ማስቀመጡ ለዚህ አተረጓጎም ድጋፍ ሆኗል።

ክርስቶስ ኃጢአት ያልነበረበት ከሆነ ፈተናው እንዴት እውነተኛ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ተነሥቷል። የዕብራውያን መልእክት (4፥15) በሁሉ እንደ እኛ እንደተፈተነ፣ ኃጢአት ግን እንዳልሠራ ይናገራል። አባቶች ረኃቡና ድካሙ እውነተኛ እንደነበረ፣ ነገር ግን ፈተናው ከውጭ እንደመጣበትና ፈቃዱ ወደ ክፉ እንዳላዘነበለ አስተምረዋል። በዚህ መሠረት መፈተን በራሱ ኃጢአት አይደለም።

የምድረ በዳው ታሪክ በተለይ ለምንኩስና መሠረት ሆኗል። ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል፣ አባ እንጦንስ በግብፅ በረሃ ከአጋንንት ጋር ያደረገውን ተጋድሎ ይተርካል። በዚያው ክፍለ ዘመን የነበረው መነኩሴ ኢቫግርዮስ ደግሞ ለስምንት ክፉ አሳቦች መልስ የሚሆኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧል። ምሳሌ ያደረገውም ኢየሱስ ለዲያብሎስ ከመጽሐፍ ጠቅሶ የመለሰበትን መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾም (ሁዳዴ) የሚጾመው የጌታን ጾም በማሰብ ነው። ጾሙ 55 ቀን ሲሆን ሦስት ክፍል አለው፦ ጾመ ሕርቃል የሚባለው የመጀመሪያው ሳምንት፣ የጌታ ጾም የሆነው 40 ቀን እና ሰሙነ ሕማማት። በዚህ ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይጾማል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ሦስቱ ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ሲሆኑ "አርእስተ ኃጣውእ" ማለትም የኃጢአት ራሶች ይባላሉ። ጌታም ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ (ገንዘብን በመናቅ) ድል እንዳደረገ ይሰበካል።

ሰይጣንን መካድ የጥምቀት ሥርዓትም አካል ነው። ተጠማቂው ወይም ስለ ሕፃኑ የክርስትና አባት ወይም እናት ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ይክዳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ በክርስቶስ ማመኑን ይናገራል። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (የነገሡት እ.ኤ.አ. 1434-1468) ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል። በዜና መዋዕላቸው እንደተጻፈው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዱም ዲያብሎስን የካደበትን ቃል እንዲጽፍ አዝዘዋል።

ከሥርዓቱ ጎን ለጎን በሕዝቡ ዘንድ ሌላ ልማድ ቆይቷል። ደብተራዎች በብራና ላይ የሚጽፉት ክታብ ከበሽታና ከርኩስ መንፈስ ይጠብቃል ተብሎ በአንገት ይታሰራል። በክታቦቹ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ድል ያደረገበት ታሪክና "አስማት" የሚባሉ ስውር ስሞች ይገኛሉ። የክርስቶስን ድል በሚያስታውስ ጸሎትና ስውር ስም በመቁጠር መካከል ያለው ልዩነት በቤተ ክርስቲያን መምህራን ዘንድ የቆየ ክርክር ነው።

ዛሬ በኦርቶዶክስ ዘንድ ጠበል፣ መስቀልና ጸሎት፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በኢየሱስ ስም መጸለይና ማዘዝ የተለመዱ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ሥልጣኑ የክርስቶስ እንጂ የአጥማቂው ወይም የጸላዩ እንዳልሆነ ያስተምራሉ።

ሕመምና ርኩስ መንፈስ

ማቴዎስ 4፥24 ወደ ኢየሱስ የመጡትን ሲዘረዝር አጋንንት ያደረባቸውን፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠቅሳል። ስለዚህ ብዙ መምህራን ሕመም ሁሉ የመንፈስ ሥራ ነው የሚለውን አሳብ አይቀበሉም። ልዩነቱ በሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ሲሆን እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ ከታማሚዎቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። መድኃኒት ማቋረጥ ግን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

አብያተ ክርስቲያናትም በዚህ ላይ አቋም ወስደዋል። በሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በይፋ አጋንንት የማስወጣት ጸሎት የሚደረገው በጳጳሱ ፈቃድ ሲሆን፣ አስቀድሞ ጉዳዩ ሕመም አለመሆኑ እንዲጣራ ይጠየቃል። በኢትዮጵያም የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል።

ከሁለተኛው ፈተና ጋር አያይዘው የሚያስተምሩም አሉ። ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስን ወርውሮ መላእክትን መጠበቅ እምነት ሳይሆን እግዚአብሔርን መፈታተን ከሆነ፣ በእጅ ያለውን መድኃኒት ጥሎ ተአምር መጠበቅም ከዚያ አይለይም ይላሉ።

በሥነ ጥበብና በሥነ ጽሑፍ

ፈተናው ለብዙ ሠዓሊዎች ርዕስ ሆኗል። ጣሊያናዊው ዱቾ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ቦቲቼሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1480ዎቹ መጀመሪያ በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ ሥለውታል። ሩሲያዊው ኢቫን ክራምስኮይ እ.ኤ.አ. በ1872 በሣለው ሥዕል ዲያብሎስ አይታይም፤ በድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የሚያስብ ክርስቶስ ብቻ ነው ያለው። እንግሊዛዊው ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1671 ያሳተመው ረጅም ግጥም በዚሁ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። ዶስቶየቭስኪም "የካራማዞቭ ወንድማማቾች" በተሰኘው ልብ ወለዱ አንድ ሽማግሌ ካርዲናል፣ ክርስቶስ ሦስቱን ግብዣዎች ባለመቀበሉ ሲወቅሰው ያሳያል። በካርዲናሉ አስተሳሰብ ሰው የሚፈልገው እንጀራ፣ ተአምርና ገዢ ነው፤ ክርስቶስ ግን የሰጠው ነፃነት ነው።