ንጣፍ የሚፈርሰው ከጠርዙና ከመገጣጠሚያው ነው

በቤታችን ጓሮ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ የድንጋይ መተላለፊያ ለማንጠፍ ስንነሳ ሐሳባችን ሁሉ ድንጋዩ ላይ ይሆናል። ዳሩ ግን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻና ደጋን ድንጋይ መች ጠፋ! የሚቸግረው ንጣፉን ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ማትረፍ ነው። ንጣፍ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ተሰብሮ ሳይሆን ጠርዙ ተከፍቶና በመካከል ያለው አሸዋ ታጥቦ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ሲረገጥ ጎረቤቱን ይገፋል፤ ያም ቀጣዩን ይገፋል። ግፊቱ በመጨረሻ የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙ ከተንቀሳቀሰ ረድፉ ይላላል፤ ክፍተቱም ይሰፋል፤ ውሃ ይገባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እዚህም ይሠራል። በየከተማው የኮብልስቶን መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሮ በደንብ ሳይመለስ የቀረ ቦታ ካለ ተመልከቱት፤ ክረምት ሲገባ ድንጋዩ አንድ በአንድ እየተነቀለ ጉድጓዱ ይሰፋል።

ታዲያ እንዴት ይሠራ?

አንደኛ፣ ጠርዙን እናስቀድም። ሲባጎ ወጥረን ቦይ እንቆፍርና ረዘም ያሉ ድንጋዮችን በቁማቸው እንትከል። ቢያንስ ግማሽ ቁመታቸው መሬት ውስጥ ይግባ። ከውጭ በኩል ጠጠርና አፈር እየጨመርን አጥብቀን እንጠቅጥቅ። አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ አሸዋ የተቦካበት ሞርታር ከሥሩ ቢገባ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል።

ሁለተኛ፣ ቦታው ተዳፋት ከሆነ ከታች ወደ ላይ እንሥራ። ረድፉ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሂድ፤ የአንዱ ረድፍ መገጣጠሚያ ከሌላው ጋር ፊት ለፊት አይግጠም። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የወረደ ክፍተት ለጎርፍ ቦይ ሆነለት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍተቱ ከትንሿ ጣት ውፍረት አይለፍ። ሰፊ ከሆነ ስባሪ ድንጋይ እንደ ሽብልቅ ይግባበት። እርከን የሚሠራ የወሎ ገበሬም እኮ ትልቁን ድንጋይ ካስቀመጠ በኋላ ቀዳዳውን በትንንሹ ሳይወትፍ አያልፍም። ከዚያ የተነፋ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ እያስገባን፣ ድንጋዩን በእንጨት እየመታን፣ ውሃ በቀስታ እንርጭ። አሸዋው ይሰርጋል፤ እስኪሞላ ሁለት ሦስት ጊዜ እንድገመው። በዋልካ አፈር ግን አንሙላ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሥር አሸዋ ተደርጎ መገጣጠሚያውን ብቻ በሲሚንቶ መድፈንም አይጠቅም፤ የታችኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። ከመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በኋላ የጎደለውን አሸዋ መሙላት አይረሳ።

አራተኛ፣ ንጣፉ ከግድግዳው እየራቀ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። በጭቃ ቤት ሥር ውሃ የሚያቁር ንጣፍ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል።

ሠልጣኞች ሆይ! ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ልጆች ጭቃ እያቦኩ ወደ ክፍል ሲገቡ ታዩ ይሆናል። ወላጆች ድንጋይ ተሸክመው ያነጠፉት መተላለፊያ በአንድ ክረምት ከፈረሰ ለሁለተኛው ሥራ ማን ይወጣል? እንግዲያው ድንጋዩ ተደርድሮ ሲያልቅ «በቃ» አንበል። ሲባጎው፣ ተዳፋቱና የሲሚንቶው ልክ ለሒሳብና ለሳይንስ ትምህርትም ይሆናሉ፤ ተማሪዎቹ እየለኩ ይሥሩት።