አውቶማቲክ የመኪና አየር ሙቀት መቆጣጠሪያ

አውቶማቲክ የመኪና አየር ሙቀት መቆጣጠሪያ ማለት ተሳፋሪው የመረጠውን ሙቀት በመኪናው ውስጥ ጠብቆ ለማቆየት ማቀዝቀዣውን፣ ማሞቂያውንና ማራገቢያውን በራሱ የሚያስተካክል ሥርዓት ነው። በእጅ በሚስተካከለው ኤሲ ቅዝቃዜው ሲበዛ ወይም ሲያንስ ማዞሪያውን የሚነካው ሹፌሩ ነው። አውቶማቲክ የሆነው ዓይነት በ1964 እ.ኤ.አ. ሞዴል ካዲላክ መኪኖች ላይ ቀርቧል፤ በዛሬዎቹ መኪኖች ሥራውን የሚመራው አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው።

አሠራር

ሥርዓቱ ይለካል፣ ያነጻጽራል፣ ያስተካክላል፤ ከዚያም መልሶ ይለካል። ይህ ግብረ መልስ ይባላል። ሴንሰሮች የውስጡን አየር፣ የውጭውን አየርና የፀሐይን ብርታት ይለካሉ። ኮምፒዩተሩም የተመረጠውን ሙቀት፣ ለምሳሌ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድን፣ ከተለካው ጋር ያነጻጽራል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማራገቢያው በኃይል ይሽከረከራል፤ ሲጠብ ይቀንሳል።

በብዙ መኪኖች አየሩ መጀመሪያ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ያልፋል። ቀጥሎ በአነስተኛ ሞተር የሚንቀሳቀስ በር ከአየሩ ምን ያህሉ በማሞቂያው በኩል እንደሚያልፍ ይወስናል። የሚፈለገው ሙቀት የሚገኘው ከሁለቱ ቅልቅል ነው።

ስለዚህ ቶሎ ለማቀዝቀዝ ብሎ 16 ዲግሪ ላይ ማድረግ ብዙም አይጠቅምም። መኪናው በጣም ከሞቀ ሥርዓቱ በ22 ዲግሪም ቢሆን በሙሉ አቅሙ ይጀምራል።

ምሳሌ፦ ከአዳማ እስከ አሰላ

ከአዳማ ተነሥቶ በዶዶታ ወረዳ በምትገኘው ዴራ አልፎ አሰላ የሚደርስ መኪና ከ1,700 ሜትር ገደማ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ይወጣል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ይሆናል። ቆላማ በሆነው በዴራ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ሲበረታ በሩ ወደ ቅዝቃዜው ያደላል። ወደ አሰላ ሲጠጋ የውጭው አየር ከ22 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ ሹፌሩ ምንም ሳይነካ ሞቃት አየር ይጨመራል።

በደጋ ጠዋት የተሳፋሪዎች ትንፋሽ በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ሆኖ እይታን ይጋርዳል። ያን ጊዜ ኤሲውን ከማሞቂያው ጋር ማብራት ይጠቅማል፤ እርጥበቱ ኢቫፖሬተሩ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ የደረቀው አየር ሞቆ መስታወቱን ያጠራል። ከቆመ መኪና ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

በኤሌክትሪክ መኪኖች

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ወሰነች ጉዳዩ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። በቤንዚን መኪና ማሞቂያው የሚጠቀመው ሞተሩ የሚያባክነውን ሙቀት ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም ከባትሪው ይወስዳሉ፤ ዳገቱም እንዲሁ። ስለሆነም መኪናው ከቻርጀሩ ሳይነቀል አስቀድሞ ውስጡን ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ ለመንገዱ የሚሆን ኃይል ይቆጥባል።