ጨው ለምን ይቀድማል? ግላይሲንን ከአሞኒየም ክሎራይድ ስለ መለየት



ግላይሲንን ከክሎሮአሴቲክ አሲድና ከአሞኒያ ስናመርት፣ አንድ ሞል ግላይሲን በተገኘ ቁጥር አንድ ሞል አሞኒየም ክሎራይድ አብሮ ይፈጠራል። በክብደት ሲሰላ፣ ለ100 ኪሎግራም ግላይሲን 71 ኪሎግራም ያህል ጨው ማለት ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም በውሃ በሚገባ ይሟማሉ። ግላይሲኑን በሜታኖል ማዝቀጥ የቆየ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ሜታኖል መርዛማና ተቀጣጣይ ነው፤ መልሶ ማጣራቱም ብዙ ኃይል ይፈጃል። እኔ ዛሬ የማተኩረው ከውሃ በቀር ሌላ አጣቢ በማይሻው በአዮን ማግለል ክሮማቶግራፊ ላይ ነው። ዊተንና ባውማን ይህን ዘዴ በ1953 እ.ኤ.አ. ለኅትመት አብቅተውታል።

ዓምዱን የሚሞላው አሉታዊ ሙል ያላቸው የሰልፎኔት ቡድኖች የተተከሉበት ረዚን ነው። ረዚኑ አስቀድሞ አሞኒየም እንዲይዝ ይደረጋል፤ ሶዲየም ከያዘ ግን አንዱን ጨው በሌላው እንተካለን። ድብልቁ ከላይ ገብቶ ንጹሕ ውሃ ሲከተለው ከታች ቀድሞ የሚወጣው የትኛው ነው? ተማሪዎች ዘወትር «ግላይሲን» ይላሉ፤ ሙል ያለው ጨው ረዚኑ ላይ ይጣበቃል ብለው ስለሚያስቡ። የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

የረዚኑ ቋሚ አሉታዊ ሙሎች ክሎራይድን ይገፋሉ። ክሎራይድ ካልገባ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሚዛን መጠበቅ ስላለበት፣ አብሮት የመጣው አሞኒየም ትርፍ ሆኖ ሊገባ አይችልም። ዶናን በ1911 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ሚዛን ይኸው ነው። ስለዚህ ጨው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ቁልቁል ይፈስሳል። ግላይሲን ግን በፒኤች 6 አካባቢ አዎንታዊና አሉታዊ ሙልን በአንድ ሞለኪውል አጣምሮ ስለሚይዝ ድምሩ ዜሮ ነው። ረዚኑ አይገፋውም፤ ወደ ቅንጣቱ ውስጥ እየገባና እየወጣ ይዘገያል።

ፒኤች እንደ ተራ ዝርዝር አይታለፍ። ከ2.34 በታች አብዛኛው ግላይሲን አዎንታዊ ሆኖ ረዚኑን ይይዛል፤ ከ9.60 በላይ ደግሞ አብዛኛው አሉታዊ ሆኖ ከክሎራይድ ጋር ይገፋል። ስለሆነም ትርፍ አሞኒያ ያለበት ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ዓምዱ አይገባም፤ አሞኒያው አስቀድሞ ተኖ መውጣት አለበት።

የሚወጣውን ፈሳሽ ስትፈትሹ በኒንሃይድሪን ብቻ አትተማመኑ፤ አሞኒየምም ቀለም ይሰጣል። ክሎራይድን በናይትሪክ አሲድ ባኮመጠጠ የብር ናይትሬት መርምሩ። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያም ጨውን ያያል፤ ዜሮ ድምር ያለውን ግላይሲን ግን እምብዛም አያየውም።

የዘዴው ድካም ከወደ ወጪው ነው። ጨው በፈሳሹ ውስጥ ሲበዛ ማግለሉ ይዳከማል፤ ጨውም ወደ ረዚኑ ሰርጎ ይገባል። ድብልቁን ብናቀጥን ልየታው ይጠራል፤ በኋላ የሚተንነው ውሃ ግን ይበዛል። በእኔ እምነት የድብልቁን ጥግግት መወሰን ያለበት የእንፋሎቱ ዋጋ እንጂ በላቦራቶሪ ያገኘነው እጅግ የጠራ ውጤት አይደለም።