ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ ተረጋግቷልን?

«ዝም በል፤ አያ ጅቦ መጣልህ!» በብዙ የአገራችን ቤቶች የሚያለቅስ ሕፃን በዚህ ማስፈራሪያ ዝም ይሰኛል። በሐረር ግን ጅቡ የተረት ፍጡር ብቻ አይደለም። በጀጎል ግንብ ሥር ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ምሽት ላይም ከግንቡ ውጭ ጅቦች ከሰው እጅ ሥጋ ይበላሉ። ይህን ለማየት ሕፃን ታቅፎ የሄደ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ሕፃኑ ጅቡን አይቶ ብዙ ጊዜ ዞሮ የሚመለከተው ያቀፈውን ሰው ፊት ነው። ለምን ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት መልሱን ይጠቁመናል። የአንድ ዓመት ሕፃናት ጠንካራ መስተዋት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ እንዲድሁ ተደረገ። በመስተዋቱ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወርድ ገደል መሳይ ስፍራ ይታያል። እናት በወዲያ ማዶ ሆና የደስታ ፊት ስታሳይ ከ19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ፤ የፍርሃት ፊት ስታሳይ ግን ከ17ቱ አንድም አልተሻገረም። ገደሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የእናት ፊት ብቻ ነው። በፊዚክስ አነጋገር፣ ሕፃኑ አደጋን የሚለካበት የራሱ መሣሪያ ገና አልተሟላምና ከአሳዳጊው ፊት ላይ ያነባል።

እውነተኛ አደጋ ሲኖር ይህ ንባብ ሕይወት ያድናል። በሌለ ጅብ ስናስፈራራው ግን መሣሪያውን እናዛባለን፤ መጠጊያው የሆነው ፊት ራሱ የአደጋ ምልክት ይሆንበታል። ልቅሶው ይቆማል፤ ፍርሃቱ ግን በዚያው አይቆምም።

ዝምታና መረጋጋት አንድ አለመሆናቸውን በልኬት ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 በኡጋንዳ እናቶችንና ሕፃናትን ያጠናችው ሜሪ ኤንስዎርዝ፣ ኋላ በአሜሪካ ባካሄደችው ምርምር እናታቸው ትታቸው ስትወጣ እምብዛም የማያለቅሱ ሕፃናት አጋጠሟት። እ.ኤ.አ. በ1977 ሌሎች ተመራማሪዎች የእንደነዚህ ያሉትን ሕፃናት የልብ ምት ሲለኩ ፈጥኖ አገኙት። ዓይን «ተረጋግቷል» ሲል መሣሪያው «ተጨንቋል» አለ።

ስለዚህ የፈራን ሕፃን አቅፎ በለሰለሰ ድምፅ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» ማለት ማሞላቀቅ አይደለም። ሕፃኑ ከሌላ ሰው ያገኘውን መረጋጋት እየደጋገመ በመቅመስ፣ ቀስ በቀስ ራሱን ማረጋጋት ይማራል። ታናናሾቻችሁን የምትጠብቁ አንባብያን ሆይ፣ ማታ የጅብ ጩኸት ሲሰማ ሕፃኑ ቀድሞ የሚያነበው የእናንተን ፊት መሆኑን አትዘንጉ።