ከአቀንጭራ እስከ ዳና፦ ሦስተኛ ዲግሪ በሀብሩ ምድር

በማሽላ ማሳ መሐል ወይን ጠጅ አበባ ሲፈካ ለአላፊ አግዳሚው ያማረ ይመስለዋል፤ በሀብሩ ወረዳ ለመርሳና ለአካባቢዋ ገበሬ ግን መርዶ ነው። አበባው የአቀንጭራ ነው። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚጠባ ጥገኛ ተክል ነው። ከመሬት በላይ ብቅ ሲል ዋናውን ጉዳት ከታች ሠርቶ ጨርሷል። አንድ እግር አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ይበትናል። ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል።

«አቀንጭራን እንዴት እናጥፋው?» የሚለው የገበሬው፣ የልማት ሠራተኛው፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ነው። ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ለሦስተኛ ዲግሪ ግን አይሆንም፤ ከመጠን በላይ ሰፍቷል። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ይዞት የሚነሣው ዓይነት ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ «የአቀንጭራ ዘር ከዚህኛው ማሽላ ሥር አጠገብ እያለ ለምን አይበቅልም?» ዶክትሬት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የዕውቀት ስፋትን ነው። ሥራው ግን ማጥበብ ነው። ማንም ያልመለሰውን አንድ ጥያቄ ነጥሎ መያዝ፣ መመለስ፣ መልሱንም ሊጥሉት በሚሞክሩ ሰዎች ፊት ማቆም ነው።

መንገዱ በአገራችን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ተማሪው ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ይገባል፤ ኮርስ ይወስዳል፤ ይፈተናል። ከዚያ ከአማካሪው ጋር ፕሮፖዛሉን አዘጋጅቶ በትምህርት ክፍሉ ፊት ይከላከላል። ጥናቱ ሰው የሚነካ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያጸድቀው አንድ መጠይቅ መበተን አይችልም። ቀጥሎ የትብብር ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እየተመራ ተማሪውን ማሳው፣ ጤና ጣቢያው ወይም መስጊዱ ደጃፍ ያደርሰዋል። መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ መጻፍ፣ በምርምር መጽሔት ማሳተም ይከተላል። መጨረሻው ዲፌንስ ነው፤ ከሌላ ተቋም የመጣ ፈታኝ ባለበት፣ ለታዳሚ ክፍት በሆነ አዳራሽ። መደበኛው ጊዜ አራት ዓመት ነው፤ ብዙዎች ግን ያልፉታል።

ሥርዓቱ በሁሉም የትምህርት ዘርፍ ይመሳሰላል። የሚለያየው ማስረጃ የሚባለው ነገር ነው። ይህን ለማየት ከሀብሩና ከአካባቢው መራቅ አያስፈልግም።

ከሳይንሱ እንጀምር። ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማሽላ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነው። የአቀንጭራ ዘር ተኝቶ የሚቆየው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል እስኪደርሰው ነው፤ ኬሚካሉ ሲነካው ይነቃል፣ ሥሩንም ፈልጎ ይጣበቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን በቤተ ሙከራ ለኩ። በሳህን ላይ በረጋ ፈሳሽ ውስጥ የአቀንጭራ ዘር ተበትኖ የማሽላ ቡቃያ ይተከላል፤ ከቀናት በኋላ ከሥሩ ርቆ የበቀለው የመጨረሻው ዘር ርቀቱ ይለካል። ርቀቱ አጭር የሆነለት ማሽላ ጥገኛውን እምብዛም የማይቀሰቅስ ነው። እንዲህ ከተለዩት ማሽላዎች በማዳቀል አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ወጡ፤ ገቢሳም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከዚህ ባሕርይ ጀርባ ያለው ዘረ መል በፐርዱ ተመራማሪዎች ታውቆ ታተመ።

የቤተ ሙከራው ውጤት በማሳ ላይ ሳይደገም ግን ማስረጃ አይሆንም። በሲሪንቃም በቆቦም ዝርያዎች የሚዘሩት በመደብ ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ በተለያየ ቦታ በዕጣ ተደጋግሞ ነው። አንዱ የማሳው ጫፍ ለም ከሆነ ምርቱ የዝርያው ይሁን የአፈሩ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ለገበሬው የቀረቡት እንዲህ ያለውን ፈተና አልፈው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የገበሬው ፈተና አለ፤ እሱ ከፍሬው እኩል አገዳውን ያያል። አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶ፣ የአጥርና የጎጆ መሥሪያ ነው፤ አጭር ዝርያ ፍሬ ቢሰጥም ረጅሙን የአገሬውን ማሽላ በሁሉም ነገር አይተካም። ይህ ሌላ ሰው በሌላ ዲግሪ የሚይዘው ጥያቄ ነው።

ሕክምና ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። በሆስፒታል የሚያክመን ሐኪም በሕክምና ትምህርት ተመርቆ ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪ የምርምር መንገድ በመሆኑ ከዚያ የተለየ ነው። የሁለቱን ግንኙነት የተመራማሪው የአክሊሉ ለማ ታሪክ ያሳያል። አክሊሉ ዶክትሬታቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በዚያው ዓመት አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ በሽታው በሐይቅ አካባቢ ላለውም የወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ማየቱ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። እንዶዱ ቀንድ አውጣውን በምን ያህል መጠን እንደሚገድል፣ ለሰውና ለከብት ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ማረጋገጡ ግን አሠርት ዓመታት ወሰደ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በሕክምና ምርምር ማስረጃው የሚከብደው ስሕተቱ በሰው አካል ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ምህንድስና ዘንድ ደግሞ ጥያቄው ከቆቦ እስከ ጊራና ባለው ሸለቆ ሥር ተኝቷል። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ እየወጣ ለመስኖ ውሏል፤ የጠብታ መስኖም ተዘርግቷል። ውሃው ያለው ከምዕራብ ተራሮች ወንዞች ባመጡት ደለል ውስጥ ነው። መሐንዲሱ «ውሃ አለ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «በየዓመቱ ዝናቡ ከሚመልሰው በላይ ሳናወጣ ስንት ፓምፕ ማሠራት እንችላለን?» ይላል። ለዚህ የጉድጓዶቹን የውሃ ከፍታ ለዓመታት ይመዘግባል፤ ከዝናቡና ከወንዞቹ ፍሰት ጋር ያያይዛል፤ ከዚያ በኮምፒውተር የሸለቆውን አምሳያ ይሠራል። አምሳያው ያለፈውን ጊዜ በትክክል መግለጹ አያስመሰግነውም፤ የተሠራው በዚያው መረጃ ነውና። ፈታኙ የሚጠይቀው አምሳያው ባላያቸው ዓመታት ምን ያህል እንደቀረበ ነው።

ታሪክ ከነዚህ ሁሉ የተለየ ይመስላል፤ ሙከራ የለውም፣ የሞተን ሰው ደግሞ መጠየቅ አይቻልም። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1985 ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ያገኙት በወሎ የእስልምና ታሪክ ላይ ሠርተው ነው። ሥራው ዳብሮ እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሐፍ ወጣ። የየጁ መሳፍንት እ.ኤ.አ. እስከ 1853ቱ የአይሻል ጦርነት በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ሲገዙ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የቤተ መንግሥት ነው። ሁሴን ግን የዓሊሞቹን፣ የነጋዴዎቹንና የባላባቶቹን ዓለም ፈለጉ፤ ጀማ ንጉሥን፣ ጌታን፣ በዚሁ በየጁ ያለውን ዳናን የመሰሉ የትምህርትና የዚያራ ቦታዎችን። ምንጮቻቸው የዓረብኛና የዓጀም (በዓረብኛ ፊደል የተጻፉ የአገር ቋንቋ) ጽሑፎች፣ የሼሆቹ ገድሎችና የአባቶች ቃል ነበሩ። ገድል ለማወደስ የተጻፈ ነው፤ ዜና መዋዕልም እንዲሁ የራሱን ጌታ ያነሣል። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደጻፈው ይጠይቃል፤ አንዱን ከሌላው ያስተያያል። ሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች አንድ ነገር ሲናገሩ ለእሱ የተደገመ ሙከራ ያህል ነው።

እነዚህ ሦስት ምሁራን ዶክትሬታቸውን ያገኙት ባሕር ማዶ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዲግሪ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ሦስተኛ ዲግሪን በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ የአገሩን ጥያቄ ይዞ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የግብርና ትምህርቱ የሚሰጠው መርሳ ባለው ግቢ ነው። ከግቢው እስከ ማሳው፣ እስከ ጉድጓዱና እስከ ዳና ያለው መንገድ አጭር መሆኑ ለምርምር ትልቅ ሀብት ነው፤ ተመራማሪው በክረምትም በበጋም ተመላልሶ ማየት ይችላልና።

ለሰፈሩም ሰው የሚቀር ድርሻ አለ። ደብዳቤ ይዞ የመጣን ተማሪ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ወግ ነው፤ ሦስት ነገር መጠየቅ ደግሞ መብት ነው። ጥያቄህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው? ምን ብታገኝ ነው «ተሳስቼ ነበር» የምትለው? መልሱን ስታገኝ በየትኛው ቋንቋ፣ ለማን ትነግረናለህ? ሁለቱን ፈታኞቹም አዳራሽ ውስጥ ይጠይቁታል። ሦስተኛውን ግን ከቀበሌው ሰው በቀር አጥብቆ የሚይዘው ብዙም የለም። ድርሳኑ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቤተ መጻሕፍት ይገባልና።